ደረቅ ያልሆነው «ደረቅ ቆሻሻ»፦ በአዲስ አበባ የሚበሰብስ ቆሻሻ አያያዝና የክፍያ መለኪያ

አጠቃሎ

በአማርኛ «ደረቅ ቆሻሻ» ተብሎ የሚጠራው የአዲስ አበባ ከተማ ቆሻሻ ከግማሽ በላዩ እርጥብና የሚበሰብስ ነው። ይህ ጽሑፍ የከተማዋን የአሰባሰብ፣ የማስወገጃና የክፍያ ሥርዓት ከዚህ አንጻር ይመረምራል። የሚበሰብሰው ክፍል ለመድፊያው አደጋ፣ ለኃይል ማመንጫው ጭነት፣ ለትራንስፖርቱም ወጪ ቢሆንም፣ ክፍያው በተሰበሰበ መጠን ላይ የተመሠረተ በመሆኑ መጠኑን በመቀነስ የሚጠቀም አካል የለም። ጽሑፉ የክፍያ መለኪያው እንዲለወጥና መለየቱ ከመኖሪያ ቤት ሳይሆን ከአትክልት ገበያና ከተቋማት እንዲጀመር ሐሳብ ያቀርባል።

መግቢያ

«ደረቅ ቆሻሻ» የሚለው ስያሜ ከፍሳሽ ለመለየት የገባ ነው፤ በቱቦ የማይሄደው ሁሉ ደረቅ ተብሎ ይመደባል። ለአስተዳደር ሥራ ስያሜው ችግር የለበትም። ነገር ግን ከአንድ የአዲስ አበባ ግቢ የወጣ ማዳበሪያ ከረጢት ተገልብጦ ቢታይ በውስጡ የሚበዛው የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡና አተላ፣ የተበላሸ እንጀራና ወጥ፣ የጫት ገረባ፣ በክረምት ደግሞ የበቆሎ ቅርፊትና ቆረቆንዳ ነው። በከተማዋ ላይ የተካሄዱ ጥናቶች የሚሰጡት አሃዝ ቢለያይም፣ የሚበሰብሰው ክፍል ከጠቅላላው ከግማሽ እንደሚበልጥ፣ አብዛኛውን ጊዜም ወደ 60 በመቶ እንደሚጠጋ ያመለክታሉ።

ጉዳዩ የቃላት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ቆሻሻውን ደረቅ አድርጎ የሚያስብ ከተማ መፍትሔውንም በዚያው ልክ ያስባል፤ ተጨማሪ ገንዳ፣ ተጨማሪ መኪና፣ ሰፊ መድፊያ፣ ትልቅ ምድጃ። ቆሻሻው እርጥብ መሆኑን አስቀድሞ የተቀበለ እንደሆነ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ የሚሆነው ይህን ሁሉ ውሃ ተሸክሞ መሄድ ለምን አስፈለገ የሚለው ነው።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ የሚከተለው ነው። በአዲስ አበባ ደረቁና ዋጋ የሚያወጣው የቆሻሻ ክፍል ከብዙ ዘመን ጀምሮ ባለቤት አለው፤ እርጥቡ ክፍል ግን የለውም። ሥርዓቱ የሚከፍለው ለተሰበሰበው መጠን እንጂ ለተቀነሰው ባለመሆኑ፣ እርጥቡን ክፍል ለብቻው ይዞ የሚጠቀም አካል እንዳይፈጠር አድርጓል። ጽሑፉ የተመሠረተው በታተሙ ሰነዶች፣ በሕጎችና በጸሐፊው በተሠሩ ቀላል ስሌቶች ላይ ነው፤ አዲስ የመስክ ናሙና አልተወሰደም። ስሌቶቹም የመጠን ደረጃን ለማሳየት እንጂ ለንድፍ ሥራ እንዲያገለግሉ የቀረቡ አይደሉም።

ጥግግት፦ ሸክምም ዕድልም

በግንቦት 1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ አዲስ አበባ 2.7 ሚሊዮን ያህል ነዋሪ ነበራት። ከዚያ ወዲህ ሌላ አገር አቀፍ ቆጠራ ስላልተካሄደ የዛሬው ቁጥር ከትንበያ የሚገኝ ነው። በቆጠራው አሃዝ እንኳ ቢሰላ፣ በ527 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ በአማካይ 5,200 ያህል ሰው በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ይኖራል። አማካዩ ግን ያታልላል። መርካቶን የያዘው የአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ በ7.4 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ከ250 ሺህ በላይ ነዋሪ ነበረው፤ ይህም በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ከ33 ሺህ ሰው በላይ ማለት ነው። ቀን ቀን ለንግድ የሚገባው ሕዝብ በዚህ ቁጥር ውስጥ የለም።

እንዲህ ባለው ሰፈር የቆሻሻ መኪና ከዋናው መንገድ አያልፍም። አሰባሰቡ በሁለት ደረጃ የተከፈለውም በዚሁ ምክንያት ነው። የመጀመሪያውን ደረጃ በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁ ማኅበራት ይሠሩታል፤ አባሎቻቸው ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ በማዳበሪያ ከረጢትና በእጅ ጋሪ ይሰበስቡና 8 ሜትር ኩብ የሚይዘው ገንዳ ወዳለበት ወይም መኪና ወደሚቆምበት ቦታ ያደርሳሉ። ገንዳውን አንሥቶ እስከ መድፊያው ማድረስ በዋናነት የከተማው አስተዳደር ሥራ ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የተስፋፋው ይህ አደረጃጀት መኪና የማይገባባቸውን መንደሮች ተደራሽ አድርጓል፤ ለብዙ ሰዎች፣ በተለይም ለሴቶች፣ የእንጀራ ምንጭ ሆኗል። ከዚህ በታች በክፍያው ላይ የሚቀርበው ትችት ይህን ውለታ የሚክድ እንዳይመስል ከወዲሁ መናገር ያስፈልጋል።

አሁን አንድ ስሌት እንሥራ። ለከተማዋ በተደጋጋሚ የሚጠቀሰውን፣ በአንድ ሰው በቀን 0.4 ኪሎ ግራም የሚለውን መጠን ብንወስድ፣ 250 ሺህ ሰው በቀን 100 ቶን ቆሻሻ ያወጣል። ከዚህ 60 ቶኑ የሚበሰብስ ነው። የምግብና የአትክልት ተረፈ ምርት ከክብደቱ 70 በመቶ ያህሉ ውሃ ስለሆነ፣ ከመቶው ቶን 42ቱ ውሃ ይሆናል። ይህ ውሃ በሰው ጉልበት ከጓሮ ወደ ገንዳ ይወጣል፤ ቀጥሎም በመኪና ተጭኖ ከመሀል ከተማ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ረጲ ይጓዛል። በክረምት ክዳን የሌለው ገንዳ ዝናብ ሲጨምርበት ሸክሙ ይከብዳል። ትክክለኛው አሃዝ 42 ሳይሆን 30 ቢሆን እንኳ፣ ከተማዋ ነዳጅ ከምታቃጥልባቸው ጭነቶች ከፍተኛውን ድርሻ የያዘው ውሃ መሆኑ አይለወጥም።

ይኸው ስሌት ግን ሌላ ገጽ አለው። በሰባት ካሬ ኪሎ ሜትር ውስጥ በየቀኑ 60 ቶን የሚበሰብስ ቆሻሻ መገኘቱ፣ ቤቶች ተራርቀው ከሚገኙበት ከተማ አንጻር ሲታይ የአሰባሰብ ወጪን የሚቀንስ ነው። የጥግግት ሥነ ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ ሸክሙን ብቻ ይቆጥራል። አጭር ርቀት፣ ብዙ ቤት፣ ቀድሞ የተደራጀ የሰው ኃይል፣ እነዚህ ሦስቱ ግን ለተለየ አሰባሰብ የተመቹ ሁኔታዎች ናቸው።

ከረጲ ወደ ሰንዳፋ፣ ከሰንዳፋ ወደ ረጲ

ረጲ፣ በሕዝቡ አጠራር ቆሼ፣ ከ50 ዓመታት በላይ የከተማዋ ዋና መድፊያ ሆኖ ቆይቷል። ሲጀመር ከከተማዋ ጠርዝ ውጭ ነበር፤ ከተማዋ እያደገች ከበበችው። 36 ሄክታር ያህል ስፋት ያለው ይህ ሥፍራ ሲመሠረት በንድፍ የተሠራ ማስወገጃ አልነበረም። ከሥሩ ፍሳሽ የሚያግድ ንጣፍ፣ በጎኑ የፍሳሽ መሰብሰቢያ፣ በላዩም የዕለት አፈር ማልበስ ሳይኖረው ለአሥርት ዓመታት ተከመረበት።

ይህን ለመተካት በከተማዋ ሰሜን ምሥራቅ፣ በኦሮሚያ ክልል ሰንዳፋ አካባቢ፣ በፈረንሳይ የልማት ተቋም የገንዘብ ድጋፍ ዘመናዊ የማስወገጃ ሥፍራ ተሠራ። ሥፍራው በ2008 ዓ.ም. ቆሻሻ መቀበል ቢጀምርም፣ ሽታውና ፍሳሹ ያስከተለባቸውን ጉዳት የጠቀሱ የአካባቢው አርሶ አደሮች ባሰሙት ተቃውሞ ምክንያት በዚያው ዓመት ክረምት ተዘጋ። የከተማዋም ቆሻሻ ወደ ረጲ ተመለሰ። ከወራት በኋላ፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ምሽት፣ የክምሩ አንድ ጎን ተደርምሶ በግርጌው ይኖሩ የነበሩ ቤተሰቦችን ቀበረ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከሟቾቹም ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ብሔራዊ የሐዘን ቀናትም ታወጁ።

ስለ አደጋው ቀጥተኛ መንስኤ የተለያዩ ማብራሪያዎች ተሰጥተዋል፤ ይህ ጽሑፍ በመካከላቸው ለመፍረድ አይሞክርም። ለዚህ ጽሑፍ የሚያስፈልገው በሁሉም ውስጥ የሚገኘው የክምሩ ጠባይ ነው። የሚበሰብስ ቆሻሻ የበዛበት ክምር ውስጡ ውሃ ይይዛል፤ የታመቀው ውሃና ጋዝ በቅንጣቶች መካከል ግፊት እየፈጠረ እርስ በርስ የሚያያይዛቸውን ፍትግያ ይቀንሳል። ቃጫው ሲበሰብስ ደግሞ ክምሩን እንደ ክር አያይዞ የሚይዘው ነገር ይጠፋል። ዳገቱ እየቀና፣ በላዩም አዲስ ጭነት እየተጨመረ ሲሄድ ክምሩ ለመንሸራተት የሚያስፈልገው ምክንያት እያነሰ ይመጣል። ይህ ማለት የቆሼው አደጋ የቦታ ጥበት ብቻ ሳይሆን የቆሻሻው ዓይነትም ታሪክ ነው።

ሰንዳፋም ቢሆን ከዚሁ ጋር ይያያዛል። የአርሶ አደሩን ማሳና ውሃ የሚያሰጋው፣ ሽታም የሚያወጣው በዋናነት የሚበሰብሰው ክፍል ነው። ጠርሙስና ብረት የተደፋበት ጉድጓድ ጎረቤት ማፍራቱ አስቸጋሪ ላይሆን ይችል ነበር። አንድ ከተማ ቆሻሻውን በሌላ ማኅበረሰብ መሬት ላይ ለማስቀመጥ ሲጠይቅ ምን ይዞ እንደሚመጣ መታየት አለበት፤ ካሳ ብቻውን መልስ የማይሆነውም ለዚህ ነው።

ከአደጋው በኋላ በጃፓን መንግሥት ድጋፍና በተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ፕሮግራም አማካይነት በረጲ የፉኩኦካ ዘዴ ተግባራዊ ተደርጓል። ዘዴው ከክምሩ ሥር ድንጋይ የለበሱ የተበሱ ቱቦዎችን በመዘርጋት ፍሳሹ በፍጥነት እንዲወጣ፣ በዚያውም አየር ወደ ውስጥ እንዲገባ ያደርጋል። አየር ሲገባ መበስበሱ ይፈጥናል፤ የሚቴን ጋዝም ይቀንሳል። በአነስተኛ ወጪ የሚሠራ ጠቃሚ ዘዴ መሆኑ አያጠያይቅም። ይሁን እንጂ ሕክምናው የሚደረገው ቆሻሻው ከተከመረ በኋላ ነው።

ምድጃው የሚጠይቀው

ነሐሴ 2010 ዓ.ም. የተመረቀው የረጲ ከደረቅ ቆሻሻ ኃይል ማመንጫ በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ ለማቃጠል የተነደፈ ሲሆን፣ የተተከለለት የማመንጨት አቅም 25 ሜጋዋት ነው። በምረቃው ወቅት የከተማዋን ቆሻሻ 80 በመቶ ያህል እንደሚወስድ ተገልጾ ነበር። ከመከመር ማቃጠል ይሻላል የሚለው አስተሳሰብ ከቆሼ ሐዘን በኋላ ለምን ተቀባይነት እንዳገኘ ለመረዳት አያስቸግርም።

ምድጃ ግን ቆሻሻን በክብደቱ አያውቀውም፤ የሚያውቀው በሙቀቱ ነው። ያለ ተጨማሪ ነዳጅ እንዲነድ፣ በዚህ ዘርፍ የዓለም ባንክ ያወጣው መመሪያ እንደሚያስቀምጠው፣ የቆሻሻው የተጣራ የሙቀት ዋጋ በዓመት በአማካይ በኪሎ ግራም ከ7 ሜጋጁል ማነስ የለበትም፤ በየትኛውም ወቅት ደግሞ ከ6 መውረድ የለበትም። 70 በመቶ ውሃ የያዘ የምግብ ተረፈ ምርትን እንመልከት። በአንድ ኪሎ ግራም ውስጥ ያለው 0.3 ኪሎ ግራም ደረቅ ነገር በኪሎ 17 ሜጋጁል ያህል ቢሰጥ የሚገኘው ሙቀት 5.1 ሜጋጁል ነው። 0.7 ኪሎ ግራሙን ውሃ ለማትነን 1.7 ሜጋጁል ይጠፋል። የሚቀረው 3.4 ነው። ይህ ክፍል ራሱን ችሎ አይነድም፤ የሚነደው በጎረቤቱ በፕላስቲኩ፣ በወረቀቱና በጨርቁ ሙቀት ነው።

ከላይ ወዳነሣነው መቶ ቶን እንመለስና፣ ከሚበሰብሰው 60 ቶን ሌላ ያለው 40 ቶን ግማሹ ተቀጣጣይ፣ ግማሹ ደግሞ አመድ፣ ከመንገድ ጠረጋ የመጣ አፈርና ድንጋይ ነው እንበል። ተቀጣጣዩ በኪሎ 16 ሜጋጁል ቢሰጥ፣ የጠቅላላው ድብልቅ አማካይ 5.2 ያህል ይሆናል፤ ከዝቅተኛው ወሰን በታች ማለት ነው። ከሚበሰብሰው ውስጥ 40 ቶኑ አስቀድሞ ቢወጣ የቀሪው አማካይ ወደ 6.5 ከፍ ይላል። በዚህ ጊዜ ከእያንዳንዱ መቶ ቶን የሚገኘው ጠቅላላ ሙቀት በሩብ ያህል እንደሚቀንስ መደበቅ አያስፈልግም፤ እርጥቡም ጥቂት ሙቀት ነበረው። ሆኖም 60 ቶን ሆኖ የሚመጣው ጭነት በደንብ የሚነድ ነው፤ በተፈጠረውም ቦታ ምድጃው ከሌላ ክፍለ ከተማ የሚመጣ ደረቅ ጭነት ሊቀበል ይችላል። ኮምፖስትና ኃይል ማመንጫ ተፎካካሪዎች ናቸው የሚለው የተለመደ ክርክር በአዲስ አበባ ሁኔታ ብዙም አያስኬድም። ይልቁንም ከምድጃው ጋር እውነተኛ ፉክክር ያለው ቀጥሎ የምናየው ዘርፍ ነው።

ባለቤት ያለው ክፍል

በአዲስ አበባ መንደር ውስጥ ያደገ ሰው «ቆራሌው!» የሚለውን ጥሪ አይረሳም። ቃሉ «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው የመጣ እንደሆነ ይነገራል። ቆራሌው ቆርቆሮ፣ ጠርሙስ፣ የተሰበረ ፕላስቲክና አሮጌ ዕቃ በገንዘብ ይገዛል፤ ልዋጩ ደግሞ አሮጌ ልብስና ጫማ ተቀብሎ የቤት ዕቃ ይሰጣል። የተሰበሰበው በመርካቶ ምናለሽ ተራ ተለይቶ፣ ተጠግኖ ወይም ተቀጥቅጦ ወደ ገበያ ይመለሳል። በርሜሉ ምጣድ ማሞቂያና ምድጃ፣ ጎማው በረባሶ፣ ጣሳው ኩራዝ ሲሆን ቆይቷል። ሃይላንዱ፣ ማለትም የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙሱ፣ ከቤት ከመውጣቱ በፊት ዘይት ወይም ነጭ ጋዝ መያዣ ሆኖ ያገለግላል፤ ሲያረጅም በኪሎ ይሸጣል።

ይህ ሥርዓት ያለ አዋጅ፣ ያለ በጀት፣ ያለ ቅስቀሳ የሚሠራው ለእያንዳንዱ ዕቃ ዋጋ ስላለው ነው። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 የቤተሰብ ኃላፊዎች መልሰው ጥቅም ላይ ሊውሉ የሚችሉ ቆሻሻዎችን እንዲለዩ ግዴታ ሲጥል፣ በእርግጥ ቀድሞውንም በስፋት ይደረግ የነበረውን ነው ያዘዘው። አዋጁ ስለ ፕላስቲክ ከረጢት፣ ስለ ምግብ ነክ ቆሻሻ፣ ስለ ቤተሰብ ቆሻሻም የየራሳቸው ድንጋጌዎች አሉት። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ አዋጅ ደግሞ በፌስታል ላይ ጠንካራ ክልከላ ይዞ መጥቷል፤ የሕዝቡም ውይይት በአብዛኛው በዚሁ በፌስታሉ ላይ ያተኮረ ነበር። ፌስታል ወንዝና ቱቦ ስለሚዘጋ ትኩረቱ ተገቢ ነው። በክብደት ሲለካ ግን የከተማዋ ዋና ጥያቄ እሱ አይደለም።

የሚበሰብሰው ክፍል ጥንት ባለቤት አልነበረውም ማለት አይቻልም። የጠላ አተላ ለከብት ይሄድ ነበር፤ ትራፊው ለዶሮና ለውሻ፣ እንጀራው ድርቆሽ ሆኖ ለሌላ ቀን፣ ልጣጩና አመዱ ለጓሮ ጎመን። ይህ ሰንሰለት የተበጠሰው በሰዎች ስንፍና ሳይሆን ጓሮው በመጥፋቱ ነው። በጋራ መኖሪያ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖር ቤተሰብ ከብት የለውም፣ መደብ የለውም፣ አብዛኛውን ጊዜም ሁለት የቆሻሻ መያዣ ለማስቀመጥ የሚበቃ ቦታ የለውም። በከተማዋ መሀል የነበሩ የቆዩ መንደሮች ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ ዳር ሲሰፍሩም፣ የሚጠፋው ቤት ብቻ አይደለም፤ ቆራሌው የሚያውቀው መንገድና ትራፊ የሚቀባበል ጎረቤትም አብሮ ይጠፋል።

ለምን እንከፍላለን?

የማኅበራቱ ገቢ ለረጅም ጊዜ በሜትር ኩብ ሲሰላ ቆይቷል፤ ገንዳ የሞላ ይከፈለዋል። መለኪያው ቀላልና ለቁጥጥር የተመቸ ነው። የሚያስከትለው ፍላጎት ግን ግልጽ ነው። የጎመን ግንዱን በግቢው ውስጥ የቀበረ ቤተሰብ የማኅበሩን ገቢ ይቀንሳል። አፈርና እርጥብ ቅጠል ገንዳ ስለሚሞሉ ጥቅም ያስገኛሉ። መለኪያው ከሜትር ኩብ ወደ ኪሎ ቢቀየርም ችግሩ አይፈታም፤ እንዲያውም በክብደት ሲለካ ውሃ ዋጋ ያወጣል።

በነዋሪው በኩልም ሁኔታው ተመሳሳይ ነው። የአገልግሎት ክፍያው ከውሃ ፍጆታ ሒሳብ ጋር ተያይዞ፣ ለመኖሪያ ቤት የሒሳቡ 20 በመቶ፣ ለንግድ ድርጅት 42.5 በመቶ ሆኖ ነበር የተወሰነው። ከገቢ አሰባሰብ አንጻር ይህ ብልህ ውሳኔ ነው፤ ለብቻው የሚላክ ደረሰኝ ማን ይከፍለው ነበር? ነገር ግን ልብስ አብዝቶ የሚያጥብ ከፍተኛ ከፋይ ሲሆን፣ በየቀኑ በርካታ ከረጢት ትራፊ የሚያወጣ ምግብ ቤት በንግድ ተመኑ ከፍሎ ይገላገላል። የለየም ያልለየም እኩል ነው። በሥርዓቱ ውስጥ ካሉት ሁሉ፣ ከነዋሪው፣ ከማኅበሩ፣ ከአጓጓዡ፣ እርጥቡን ቆሻሻ ቢቀንስ ኪሱ የሚያውቅለት አንድም የለም። ትርፉ የሚደርሰው ለከተማው አስተዳደር፣ ለረጲ ጎረቤቶችና ለአየሩ ነው፤ እነዚህ ደግሞ ከቤት ደጃፍ የሚወሰነውን አይወስኑም።

ሌላ አካሄድ እንዳለ ለማሳየት የሕንዷን ፑኔ ከተማ መጥቀስ ይቻላል። በዚያ ስዋች የተባለው፣ በራሳቸው በቆሻሻ ለቃሚዎች ባለቤትነት የተያዘ የኅብረት ሥራ ማኅበር ከከተማው ማዘጋጃ ቤት ጋር ተዋውሎ ከቤት ወደ ቤት ይሰበስባል። ነዋሪው በየወሩ በቤት ልክ የተወሰነ ክፍያ በቀጥታ ለሰብሳቢዋ ይሰጣል፤ የሚሸጠው ዕቃም የሰብሳቢዋ ነው። ገቢዋ የተመሠረተው በምታገለግላቸው ቤቶች ቁጥር ስለሆነ፣ ከረጢቱ ቢቀል አትከስርም። እርጥብና ደረቁን ተለይቶ መቀበሉ ደግሞ የምትሸጠውን ዕቃ ንጹሕ ስለሚያደርግላት ራሷ መለየቱን ትጠይቃለች። የፑኔ አሠራር ከተማው ውሉን ለማደስ በተቸገረባቸው ጊዜያት ብዙ ተንገላቷል፤ እንደ ፍጹም ምሳሌ መውሰድ አይገባም። ለእኛ ጠቃሚ የሚሆነው የመለኪያው ምርጫ ነው።

ለአዲስ አበባ ሊሞከር የሚችለው ሁለት ክፍል ያለው ክፍያ ይመስለኛል። አንደኛው ማኅበሩ በሚያገለግላቸው ቤቶች ቁጥር የሚሰላ ቋሚ ክፍያ ሆኖ የአባላቱን ኑሮ የሚጠብቅ፤ ሁለተኛው ተለይቶ ለደረሰ የሚበሰብስ ቆሻሻ በኪሎ የሚሰጥ ተጨማሪ። ሁለተኛው ክፍያ ላይ የጥራት ቁጥጥር ከሌለ ውሃና አፈር እየጨመሩ መመዘን እንደሚመጣ አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል። ስለዚህ ክፍያው በመግቢያው ሚዛን ላይ ብቻ ሳይሆን ከማበስበሻው በወጣው ንጹሕ ኮምፖስት ላይ ቢመሠረት ይሻላል።

ከየት ይጀመር?

ብዙ የመለየት ዘመቻዎች የሚጀምሩት ከቤተሰብ ነው፤ ምናልባት ከሁሉ በኋላ መምጣት የሚገባው እሱ ነው። በአንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ስድስት ሆኖ የሚኖርን ቤተሰብ ሁለት መያዣ አስቀምጥ ብሎ ከመጠየቅ በፊት፣ ተለይቶ የወጣው ነገር የሚሄድበት ቦታ መኖር አለበት። ያ ቦታ እስኪኖር ድረስ ቀድሞውኑ ተለይቶ የሚወጣ ቆሻሻ አለ።

የመጀመሪያው የአትክልት ገበያ ነው። ለረጅም ጊዜ በፒያሳ የነበረው አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ ከተዛወረ በኋላ፣ በኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ለዚሁ ወደተሠራለት ሥፍራ ገብቷል። እዚያ የሚወጣው ቆሻሻ የበሰበሰ ቲማቲም፣ የጎመን ቅጠል፣ የሙዝ ግንድና ልጣጭ፣ ለመጠቅለያ የመጣ ገለባ ነው። ጠርሙስ፣ ባትሪ፣ የሕፃን ዳይፐር እምብዛም የለውም። ከዚህ የተሻለ የኮምፖስት ጥሬ ዕቃ በከተማዋ አይገኝም፤ በአንድ ቦታ፣ በታወቀ ሰዓት፣ ብዙ ሆኖ ይገኛል። የጫት መሸጫዎች ገረባ ከዚህ ጋር ሲቀላቀል ጠቃሚ ይሆናል። እርጥቡ አትክልት ናይትሮጅንና ውሃ ሲበዛው፣ እንጨት መሰሉ ገረባ ካርቦን ይሰጣል፤ ክምሩም አየር እንዲያስገባ ያደርጋል። ለጥሩ መበስበስ የሚመከረው የካርቦንና የናይትሮጅን ምጥጥን ከ25 እስከ 30 ለአንድ ነው። ቀጥሎ የሆቴሎች፣ የሆስፒታል ወጥ ቤቶችና የዩኒቨርሲቲ ምግብ አዳራሾች ትራፊ ይመጣል። በዚህ ረገድ የምንማርባቸው ግቢዎች ራሳቸው ለጥናት የተመቹ ሥፍራዎች ናቸው፤ በየቀኑ በሺዎች የሚመገቡባቸው፣ የአፈርና የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ያላቸው፣ አትክልት የሚተክሉበትም መሬት የማያጡ።

ከተደባለቀ ቆሻሻ ኮምፖስት ለመሥራት መሞከር ግን መወገድ ያለበት መንገድ ነው። የመስተዋት ስባሪና ከባድ ብረቶች አንድ ጊዜ ከገቡ አይወጡም፤ ገበሬውም አንድ ጊዜ እጁን ከተቆረጠ ሁለተኛ አይገዛም። የገዥው ጉዳይ በቁም ነገር መታየት አለበት። በአቃቂ ወንዝ ዳርቻዎች የሚያመርቱ የአትክልት አምራቾች፣ በከተማ ግብርና የተሰማሩ ነዋሪዎች፣ የከተማዋ አረንጓዴ ሥፍራዎች የቅርብ ተጠቃሚዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ኮምፖስት ከክብደቱ አንጻር ዋጋው አነስተኛ ስለሆነ ሩቅ ተጉዞ አያዋጣም፤ ማበስበሻዎቹ ትንንሽና ለተጠቃሚው ቅርብ መሆን የሚገባቸው በዚህም ምክንያት ነው። በከተማዋ ዙሪያ የተተከሉት አዳዲስ የመንገድ ዳር አትክልቶች አፈር ከየት እንደሚመጣላቸው መጠየቅ ለዚህ ጥሩ መነሻ ነው።

የአዲስ አበባ ክረምት የራሱ ችግር አለው። ከሰኔ እስከ መስከረም በሚጥለው ዝናብ ጣሪያ የሌለው ክምር ውሃ ጠግቦ አየር ያጣል፤ ይከረፋል። በሽታ አምጪ ተሕዋስያንን ለመግደል የሚያስፈልገው 55 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ላይም አይደርስም። ሽታ በተፈጠረ ማግስት ጎረቤት ይቃወማል፤ በትንሽ መጠን ሌላ ሰንዳፋ ይሆናል። ስለዚህ ከማሽን በፊት ጣሪያ፣ ከጣሪያም እኩል በየቀኑ የሚያገላብጥና ሙቀት የሚለካ ሠራተኛ ያስፈልጋል። የዚህ ሠራተኛ ደመወዝ ከፕሮጀክት ሳይሆን ከመደበኛ በጀት መመደብ ይኖርበታል፤ ፕሮጀክት ሲያልቅ የሚያገላብጠው ሰው ይሄዳል፣ ክምሩ ግን ይቀራል።

የመጨረሻው ጉዳይ የመኪናው መንገድ ነው። ሻጩ ለይቶ ያወጣውን የጎመን ቅጠል መኪናው መጥቶ ከሌላው ጋር ቀላቅሎ ሲጭነው ካየ፣ በማግስቱ አይለይም፤ የሚቀጥለውን ዘመቻም አያምንም። በመሆኑም የተለየ አሰባሰብ መጀመር ያለበት በጥቂት መስመሮች፣ ለዚሁ ብቻ በተመደቡና ቀለማቸው በታወቀ መኪናዎች፣ በየቀኑ ሳይቋረጥ ሊሠራ በሚችል መጠን ነው። አንድ ገበያ፣ ሁለት ወይም ሦስት ግቢ፣ አንድ ጣሪያ ያለው ማበስበሻ፣ ሁለት መኪና፤ አንዱ ሲበላሽ ሌላው የሚተካው።